የኋላ ፍሬን ከታምቡሩ ይጀመራል፣ ገመዱ መጨረሻ ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ2002 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፣ ማርሹ ማንዋል ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ። ፍሬን አማኖው 11 ጥርስ ድረስ ካልሳብኩት አይዝም። ፔዳሉም ከድሮው ዝቅ ብሎ ነው የሚይዘው። ጋራዥ ወሰድኩትና ገመዱን አጥብቀው 5 ጥርስ ላይ አደረሱልኝ፤ ወር ሳይሞላው ተመለሰ። ቦሎ ላወጣ ስሄድ ደግሞ የኋላ ፍሬንሽ ግራና ቀኙ አይመጣጠንም ተባልኩ። ጎማ ራሴ ነው የምቀይረው፣ መፍቻ መያዝ አይከብደኝም። ቤት ውስጥ ላስተካክለው እችላለሁ? ሸራውስ መቀየር አለበት?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ትችያለሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ግማሽ ቀን ያዢበት፤ ቅዳሜ ጠዋት ብትጀምሪው ጥሩ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አይፈጅብሽም። ሸራው ይቀየር አይቀየር የሚለውን ግን ታምቡሩ ሳይወጣ እኔም ሆንኩ ሌላ መካኒክ ልንነግርሽ አንችልም።

አስቀድሜ የገመዱን ነገር ልናገር፤ የከፈልሽበት ሥራ ከጫፉ የተጀመረ ስለሆነ። የእጅ ፍሬን (ፍሬን አማኖ) ሲሳብ ብዙ ጥርስ ሲቆጥር ሁሉም ሰው «ገመዱ ላልቷል» ይላል። ገመድ በአንድ ወር ውስጥ እንዲያ አይለጠጥም። የተለወጠው በሸራውና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ታምቡሩን ወደ ጎን የተደፋ ድስት አድርገሽ አስቢው፤ ከጎማው ጋር ይዞራል። በሆዱ ውስጥ ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሸራዎች ቆመዋል፣ እነሱ አይዞሩም። ፔዳሉን ስትረግጪ ከላይ ያለው ትንሽ ሲሊንደር ሁለቱን ወደ ውጭ ይገፋቸውና የድስቱን ግድግዳ ይይዛሉ። በእንደዚህ ያሉ ትንንሽ ቶዮታዎች ላይ ጤነኛው ልክ፣ የታምቡሩ የውስጥ ስፋት ከሸራዎቹ የውጭ ስፋት በ0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሲበልጥ ነው። በእያንዳንዱ ጎን 0.3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። አሁን ሸራው 1 ሚሊ ሜትር ተበልቶ፣ ተከትሎ የሚያጠጋው ነገር ከሌለ ክፍተቱ ከ4 እጥፍ በላይ ሆነ። ያንን ባዶ ቦታ ለመሙላት ብዙ የፍሬን ዘይት መሄድ አለበት፤ ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ እግርሽ ነው። ፔዳሉ የወረደብሽ ለዚህ ነው። የእጅ ፍሬኑም በገመድ የሚስበው እነዚያኑ ሁለት ሸራዎች ስለሆነ ጥርሱ ይበዛል። ሁለቱ ምልክቶች አንድ በሽታ ናቸው።

መኪናው ይህን ክፍተት ራሱ መከተል ነበረበት። በሁለቱ ሸራዎች መካከል ጥርሳም ቀለበት ያለው ብሎን አለ፤ አጠገቡ ትንሽ ምላስ ተቀምጣለች። ሸራዎቹ ከልክ በላይ ርቀው ሲሄዱ ምላሷ አንድ ጥርስ ታዞርና ብሎኑ ይረዝማል፣ ሸራዎቹም ወደ ታምቡሩ ይጠጋሉ። ይህ እንዲሠራ ግን ሸራዎቹ ፍሬን ሲለቀቅ ሙሉ በሙሉ ወደ ማረፊያቸው መመለስ አለባቸው። ገመዱ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ በሸራው ላይ ያለውን የእጅ ፍሬን ክንድ በግማሽ ስቦ ያስቀረዋል፤ ያኔ ምላሷ የምታነሳው አዲስ ጥርስ አታገኝም። ያጠበቁልሽ ገመድ ራስ-በራስ የሚስተካከለውን ነገር አሰረው፤ ሸራው ደግሞ መበላቱን አላቆመም። በወሩ የተመለሰብሽም ስለዚህ ነው። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ገመድ ማጥበቅ 10 ደቂቃ፣ ሁለት ታምቡር ማውጣት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል።

መሣሪያ ከማንሳትሽ በፊት ፔዳሉን ፈትሺው። ሞተሩን አስነሺና አንዴ ረግጠሽ የት ላይ እንደያዘ ልብ በይ። ለቀቅ አድርገሽ ወዲያው ድገሚው። በሁለተኛው ላይ ከፍ ብሎ ከያዘና ጠንካራ ከሆነ ሸራዎቹ ርቀዋል፤ ይህ ጽሑፍ ያንቺ ነው። እንደ ስፖንጅ ከተለጠጠ አየር ገብቶበታል። እግርሽን ጭነሽ ይዘሽ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ ግን ዋናው የፍሬን ፖምፕ እያሳለፈ ነው፣ ወይም አንድ ቦታ ዘይት ይፈሳል። በዚህ በመጨረሻው ላይ ሐረጎን አትውረጂ፤ መኪናውን አቁመሽ ባለሙያ ጥሪ።

የሚያስፈልግሽ ብዙ አይደለም። ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ሁለት ካቻቢቴ (አንዱ ጠፍጣፋና ቀጭን)፣ መዶሻና ቁራጭ እንጨት፣ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሁለት ቡሎኖች (የጥርሳቸው ርቀት 1.25 የሆነ፣ ይህ ቁጥር ኋላ ይጠቅምሻል)፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የሚረጭ ጠርሙስ ውስጥ የሳሙና ውሃ፣ ጨርቅ። ከሁሉም በላይ መኪናውን የሚሸከም የብረት መቆሚያ። ጎረቤት ጋራዥ ለግማሽ ቀን ያውስሻል። ብሎኬት አታስደግፊ። ሆዱ ባዶ ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈረከሳል፤ ክሪክ ደግሞ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም። የፈታሽውንም ጎማ ከመኪናው ሥር አጋድመሽ አስቀምጪው።

ደልዳላ ቦታ አቁሚ፤ ደሴ ውስጥ ማግኘቱ እንደማይቀል አውቃለሁ፣ ግን ፈልጊ። ቪትዝ የሚገፋው በፊት ጎማ ስለሆነ አንደኛ ማርሽ አስገቢና ለፊት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊላቸው። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ልቀቂ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳና ታምቡሩን በመዶሻ ሲደበድብ ይውላል። ጋራዡ ያጠበቀውን ገመድም አሁኑኑ ከእጅ ፍሬኑ ማንሻ ሥር ባለው ዳዶ አላልተሽ ተዪው። ወደ እሱ የምንመለሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አንዱን ጎን ብቻ ክፈቺ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ከፈትሽ የቱ ሞላ የት እንደነበር የምታመሳክሪበት ታጫለሽ። ጎማው ከወጣ በኋላ ታምቡሩ በእጅ ከተሳበልሽ እሰየው። ካልሆነ ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች ታያለሽ፤ እነዚያን ባለ 8 ቡሎኖች አስገቢና አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቅሽ አጥብቂ። ራሳቸው ገፍተው ያወጡታል። አሁንም እንቢ ካለ፣ ሸራው በጠርዙ ላይ የተፈጠረውን እርከን ይዞ ይሆናል። ከጎማው ጀርባ ባለው ሳህን ላይ የጎማ ክዳን ያለው ትንሽ ቀዳዳ አለ። በእሱ በኩል በአንዱ ካቻቢቴ ምላሷን ገፋ አድርገሽ ይዘሽ፣ በሌላው ጥርሱን ጥቂት ወደ ኋላ አዙሪው። ሸራዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ታምቡሩም ይለቃል።

ታምቡሩ ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን ማንም እንዳይረግጥ። ልጆች ቤት ካሉ መኪናውን ቆልፊው። የሚይዛቸው ግድግዳ ስለሌለ የሲሊንደሩ ፒስተኖች ተፈናጥረው ይወጣሉ፤ የግማሽ ቀን ሥራ የሁለት ቀን ይሆንብሻል።

አቧራውን በአፍሽም በኮምፕሬሰርም አትንፊው። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ ይገባባቸው ነበር፤ ገበያ ላይ ያለው ሸራ ሁሉ ከምን እንደተሠራ ደግሞ ካርቶኑ አይነግርሽም። የሳሙና ውሃውን እርጪበትና በጨርቅ ጥረጊው፣ ጨርቁን በፌስታል ጠቅልለሽ ጣይው። እኛ ልጆች ሆነን ላዳ ታክሲ ላይ ስንማር በኮምፕሬሰር ነበር የምናጸዳው፣ ደመናው ውስጥ ቆመን። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ላዳን ካነሳሁ አይቀር፦ ሶቪየቶች ፊያት 124ን ወስደው ላዳን ሲሠሩ ከለወጧቸው ነገሮች አንዱ የኋላ ፍሬን ነበር። ጣሊያኑ ዲስክ ነበረው፤ እነሱ ለጭቃና ለኮረኮንች መንገዳቸው ታምቡር ይሻላል ብለው ቀየሩት። ስለዚህ ታምቡር ስላለው ብቻ መኪናሽን የሚንቅብሽን አትስሚ።

አሁን በስልክሽ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ አንሺና ተመልከቺ። ሸራው ብረቱ ላይ የተለጠፈው ጥቁሩ ክፍል ነው። አዲስ ሲሆን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ 1 ሚሊ ሜትር ሲደርስ የግድ ይጣላል። አንቺ በየቀኑ ቁልቁለት ስለምትወርጂ 2 ላይ ካገኘሽው ቀይሪው እላለሁ። ሲቀየር የግራውም የቀኙም በአንድ ላይ ነው። ታምቡሩ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት በብረቱ ላይ ተቀርጿል፤ ያንን ካለፈ አይቶርነርም፣ ይጣላል። የሐር ክር የመሰሉ ጭረቶች አያሳስቡም። ጥፍርሽ የሚይዘው ጎድጓድ ወይም ስንጥቅ ግን ያሳስባል።

ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ። በሁለቱ ጫፎቹ ያለውን ጎሚኒ ጠርዙን በቀስታ ገለጥ አድርጊ። ዘይት ከወጣ ሲሊንደሩ ያፈሳል፣ ሸራውንም አርሶታል። ዘይት የጠጣ ሸራ በብርጭቆ ወረቀትም በቤንዚንም አይድንም፤ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ያን ጊዜ ማስተካከሉን ተዪውና ሲሊንደርና ሸራ አስቀይሪ።

የቦሎ ምርመራው ግራና ቀኝ አይመጣጠንም ያለሽም መልሱ እዚሁ ነው። ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ በአንዱ ጎን ማስተካከያው ደርቋል፣ ወይም አንዱ ሲሊንደር ያፈሳል፣ ወይም ፒስተኑ ዝጎ አይንቀሳቀስም። ገመዱ ከጠበቀ በኋላም ጥርሱ የተመለሰ ስለሆነ እኔ የመጀመሪያውን እጠረጥራለሁ። መፈተኑ ቀላል ነው። ምላሷን በካቻቢቴ አንሺና ጥርሳሙን ቀለበት በጣትሽ አዙሪው። በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ትግል መዞር አለበት። ካልዞረ አቧራና ዝገት ይዘውታል፤ የላይኛውን ሞላ ፈትቶ ማውጣት፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ማጽዳት፣ ሙቀት የሚችል ግሪስ በጣም ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ሞላው ሲወጣ ስለሚፈናጠር መነጽር አድርጊ። የግራው ብሎን ጥርስ ከቀኙ ጋር ተቃራኒ ስለሆነ አታቀያይሪያቸው፤ ከተቀያየሩ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር ሸራዎቹ ከመጠጋት ይልቅ ይርቃሉ። ሞላ መፍታቱ ከከበደሽ መካኒክ ቤትሽ ጠርተሽ ከጎኑ ቁሚ፣ አንዴ ካየሽው ይበቃሻል።

ሸራው ከጀርባው ሳህን ጋር የሚፋተግባቸው ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦችም አሉ፣ ለአንድ ሸራ ሦስት ሦስት። እነሱንም ጠርገሽ የግሪስ ጠብታ ንኪያቸው። ሸራው ላይ እንዳይደርስ።

ወደ ማስተካከሉ ስንመጣ፣ ጥርሱን ጥቂት ወደ ውጭ አዙሪና ታምቡሩን ሞክሪው። በነፃነት ከገባ አውጪው፣ ጥቂት ጥርስ ጨምሪ፣ ድገሚ። የምትፈልጊው ታምቡሩ እየታከከ ግን ሳይታገል የሚገባበትን ነጥብ ነው፤ ስታዞሪው ወረቀት ሲፈተግ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ያለው ሰው የታምቡሩን የውስጥ ስፋትና የሸራዎቹን የውጭ ስፋት ለክቶ ልዩነቱን 0.6 ሚሊ ሜትር ሊያደርገው ይችላል፤ በጆሮና በእጅ የሚሠራውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ሌላውን ጎንም እንዲሁ ከጨረስሽና ሁለቱም ታምቡሮች ከገቡ በኋላ፣ ታምቡሩ እንዳይጣመም ሁለት ሁለት የጎማ ዳዶ አስረሽ፣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጪ። ሸራዎቹ ወደ መሃላቸው ይሰፍራሉ፤ ሳይሰፍሩ የተለካ ልክ ውሸት ነው። አሁን በጀርባው ቀዳዳ በኩል ታምቡሩ በእጅ አልዞር እስኪል ድረስ ጥርሱን አጥብቂ። ከዚያ ምላሷን ገፍተሽ ይዘሽ 8 ጥርስ ወደ ኋላ መልሺ። በእጅ ስታዞሪው በነፃነት መዞር አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ በጣም ቀላል መታከክ ቢሰማ ችግር የለውም። በሌላውም ጎን ያው 8 ጥርስ። ሁለቱም እኩል ከተቆጠሩ ሚዛኑም አብሮ ይመጣል። የትኛው አቅጣጫ ማጥበቂያ እንደሆነ ከጠፋሽ ጥቂት አዙሪና ታምቡሩን ሞክሪው፣ ራሱ ይነግርሻል። የቀዳዳውን ክዳን መመለስ አትርሺ፤ ክፍት ከቀረ የክረምቱ ጭቃ በእሱ ይገባል።

የድሮ ቮልስ የነካ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። እዚያ ራሱን የሚያስተካክል ነገር ስላልነበረ ለእያንዳንዱ ሸራ የራሱ ጥርስ ነበረው፣ በአራቱም ጎማ ስምንት፤ በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ በካቻቢቴ እየዞሩ ማጥበቅ ነበር። የዛሬዎቹ ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ ሰው ረሳቸው እንጂ ብልሃቱ ያው ነው።

አሁን ገመዱ። ማንሻውን ሦስት አራቴ ስበሽ ልቀቂ፣ ከዚያ እየቆጠርሽ ሳቢ። ከ6 እስከ 9 ጥርስ መካከል አጥብቆ ከያዘ ገመዱን ባላላሽው ቦታ ተዪው። ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ በዳዶው ጥቂት ጥቂት አጥብቂ። አንዳንዱ ሰው 3 ጥርስ ላይ ሲይዝለት ይደሰታል፤ እኔ ይህን ሳይ ሸራው ሁልጊዜ እየታከከ እንደሚሄድ ነው የምገምተው። ማንሻው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች በነፃነት መዞራቸውን በእጅሽ አረጋግጪ።

ጎማውን መልሰሽ ዳዶዎቹን በመስቀለኛ እሰሪ፤ የመጨረሻውን ማጥበቅ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ አድርጊው። ቶርክ መለኪያ ካገኘሽ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የፍሬን ዘይቱንም እግረ መንገድሽን እዪ፤ ቢጎድል ዶት 3 ብቻ ጨምሪ። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል።

በመጀመሪያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞክሪው፤ ወደ ጎን ከሳበሽ ተመልሰሽ ጥርስ ቁጠሪ። ቀጥሎ በከተማ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተሽ ቁሚና መዳፍሽን ወደ ሁለቱ የኋላ ቸርኬዎች አስጠጊ፣ ሳትነኪ። አንዱ ለብ ያለ፣ ሌላው የሚፋጅ ከሆነ የሚፋጀው ጠብቋል፤ ሁለት ጥርስ አላዪለት።

ይህን በቸልታ እንዳታልፊው የሐረጎ መንገድ ያስገድድሻል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያን ሁሉ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ትወርጂዋለሽ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሲሰፋ ደግሞ ከሸራው ይርቃል። ለዚህ ነው ክፍተቱ የበዛበት መኪና ላይ ቁልቁለቱ ሲጋመስ ፔዳሉ ከላይ ከነበረበት ይበልጥ የሚወርደው። ከልክ በላይ የጠበቀው ደግሞ ቁልቁለቱ ሳይጀመር የጋለ ነው። ስትወርጂ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝሽ፤ ፍሬኑን ሳትደገፊበት ጠበቅ አድርገሽ ርገጪና ልቀቂ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ክረምት እየመጣ ስለሆነ። ውሃ ውስጥ ገብተሽ ከመጣሽ በኋላ የእጅ ፍሬን ስበሽ አታሳድሪው። ሸራው ታምቡሩ ላይ በዝገት ይጣበቅና ጠዋት አልንቀሳቀስ ይልሻል። ሜዳ ላይ ከሆንሽ ማርሽ አስገብተሽ ታኮ አድርጊ። ዳገት ላይ ማደር ግድ ከሆነብሽ ከመቆምሽ በፊት ፍሬኑን ቀስ እያልሽ እየያዝሽ ነድተሽ አድርቂው።

ሸራ መግዛት ካስፈለገሽ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። ቪትዝ እንደ ሞተሩና እንደ ዓመቱ የታምቡር ስፋቱ ይለያያል፤ «የቪትዝ ነው» ብለው የሚሰጡሽ ሁሉ አይገጥምም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ቀዳዳዎቹን አመሳክሪ። ለደህንነት ስል ያገለገለ ሸራ አልመክርሽም፤ ያገለገለ ታምቡር ግን በካሊፐር ተለክቶ ከተቀረጸው ቁጥር በታች ከሆነ ምንም አይልም።

ሸራው ላይ ዘይት ካገኘሽ ወይም ጥርሱ አልዞር ካለሽ የቱ ጎን እንደሆነ ጨምረሽ ጻፊልኝ። ፎቶ ብትልኪ ከጀርባው ሳህን በኩል የተነሳው ይሻለኛል፤ ምላሷ ትታያለች።